ለጀማሪ ባለሙያ የሚሆን ካሜራ አመራረጥ፦ ከካሜራው አካል ባሻገር ሊታሰቡ የሚገባቸው ጉዳዮች

በአንድ ወረዳ የተገነባ ጤና ጣቢያ ወይም ድልድይ በሚመረቅበት ዕለት ሪባኑ የሚቆረጠው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። መቀሱ ተነሥቶ፣ ጭብጨባው ተሰምቶ፣ እንግዶቹ ወደ ውስጥ ከዘለቁ በኋላ ያች ቅጽበት ተመልሳ አትመጣም። በዕለቱ ካሜራ የያዘው ባለሙያ በጥሩ ሁኔታ ካነሳት ፎቶግራፉ ለዓመታት የመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ሆኖ ይኖራል። ካመለጠችው ግን በጀት የተመደበለትና ብዙ ሰው የደከመበት ሥራ የሚታይ ምስክር ሳይኖረው ይቀራል።

ቅጽበቷ የምታመልጠው ሁልጊዜ ካሜራው ዝቅተኛ ጥራት ያለው በመሆኑ አይደለም። ባትሪው ከቀትር በፊት ተሟጥጦ መለዋወጫ ባለመኖሩ፣ ሜሞሪ ካርዱ ሞልቶ ሌላ ባለመያዙ ወይም ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ በደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ በቂ ብርሃን ማስገባት ባለመቻሉ ጭምር ነው። እነዚህ ሁሉ ችግሮች የሚፈጠሩት ገና ካሜራው ሲመረጥና የግዥ መጠየቂያው ሲጻፍ ነው። በመሆኑም ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ አዲስ ለተመደበ ባለሙያ ካሜራ የሚመርጥ ኃላፊም ሆነ በግሉ ሙያውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው፣ ስለ ካሜራው አካል የሚያስበውን ያህል አብረውት ስለሚገዙት ዕቃዎች ማሰብ ይኖርበታል።

ሚረርለስ ካሜራ ምንድን ነው?

ለረጅም ጊዜ የባለሙያዎች ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ የቆየው ዲኤስኤልአር የተሰኘው የካሜራ ዓይነት በውስጡ በሰያፍ የተቀመጠ መስታወት አለው። በሌንሱ በኩል የሚገባው ብርሃን በዚህ መስታወት ላይ ነጥሮ ወደ ላይ በመሄድ ፎቶ አንሺው ዓይኑን ወደሚያስጠጋበት መመልከቻ ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ተነሥቶ መንገዱን ይለቅና ብርሃኑ ምስሉን በሚቀርጸው ሴንሰር ላይ ያርፋል። በስብሰባ አዳራሾች ውስጥ የሚሰማው የካሜራ ድምፅ በከፊል የዚህ መስታወት መነሣትና መመለስ ውጤት ነው።

ሚረርለስ ወይም መስታወት አልባ የሚባለው ካሜራ ይህን መስታወት አስቀርቶታል። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ፎቶ አንሺውም ሴንሰሩ የሚያየውን ምስል በጀርባው ስክሪን ወይም በትንሽ ኤሌክትሮኒክ መመልከቻ ይመለከታል። ለዚህ የካሜራ ዓይነት መስፋፋት መሠረት ከጣሉት መካከል ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጉት ማይክሮ ፎር ሰርድስ የተሰኘ ሥርዓት ይገኝበታል። ፓናሶኒክ በዚያው ዓመት ሉሚክስ ጂ1 የተባለውን ካሜራ አስተዋውቋል። ሶኒ በ2010፣ ካኖን በ2012 የየራሳቸውን አነስተኛ ሚረርለስ ካሜራዎች አቅርበዋል። ካኖንና ኒኮን በ2018 ፉል ፍሬም በሚባለው ትልቅ ሴንሰር የሚሠሩ ሚረርለስ ካሜራዎችን ካወጡ በኋላ የኢንዱስትሪው ትኩረት በግልጽ ወደዚሁ አቅጣጫ ዞሯል።

መስታወቱ መቅረቱ ለጀማሪ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። በኒኮን የዲኤስኤልአር ካሜራዎች ላይ ሌንሱ ከሚገጠምበት ቦታ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሚረርለስ ካሜራዎቹ ላይ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ይህም ካሜራው ቀጭንና ቀላል እንዲሆን አስችሏል። ከዚህም በላይ ፎቶ አንሺው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ምስሉ የጨለመ ወይም ከልክ በላይ የበራ መሆኑን በስክሪኑ ላይ ማየት ይችላል። በርካታ ዘመናዊ ሚረርለስ ካሜራዎችም የሰውን ፊትና ዓይን ለይተው በራሳቸው ያነጣጥራሉ፤ ያለ ድምፅ ማንሳት የሚችሉም ብዙ ናቸው።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ዋጋ ባትሪ ነው። ሴንሰሩና ስክሪኑ ዘወትር ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ኃይል በፍጥነት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የተደረገው ኒኮን ዲ3500 የተሰኘ ዲኤስኤልአር ካሜራ በአንድ ባትሪ 1 ሺህ 550 ያህል ፎቶዎችን እንደሚያነሳ በአምራቹ ሲገለጽ፣ በ2022 የወጣው ኒኮን ዜድ30 ሚረርለስ ግን 330 ያህል እንደሚያነሳ ተገልጿል። ቀደም ሲል በአንድ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የቆየ መሥሪያ ቤት አዲሱን ካሜራ በአንድ ባትሪ ብቻ ቢረከብ ምን እንደሚገጥመው ከእነዚህ ሁለት አኃዞች መረዳት ይቻላል።

በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ

ማንኛውም ግዥ ከመጀመሩ በፊት “ካሜራው ለምን ሥራ ይውላል?” የሚለው ጥያቄ ሊመለስ ይገባል። ሥራው በቀን ብርሃን የሚካሄድ የመስክ ጉብኝትን አንስቶ በማኅበራዊ ገጽ ላይ ማውጣት ብቻ ከሆነ ጥሩ የእጅ ስልክ ሊበቃ ይችላል፤ አዲስ ካሜራ መግዛቱም ላያስፈልግ ይችላል። ካሜራ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሥራው በደብዛዛ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን፣ ተናጋሪውን ከሩቅ ማቅረብ ሲያስፈልግ፣ ፎቶው ለመጽሔት፣ ለዓመታዊ ሪፖርት ወይም ለትልቅ ባነር ሲታተም፣ እንዲሁም ረጅም የቪዲዮ ቀረጻ ሲኖር ነው።

የካሜራው ስፋትና ክብደትም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ አር50 ባትሪና ካርዱን ጨምሮ 375 ግራም ያህል ይመዝናል። በ2021 የወጣው ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ደግሞ 343 ግራም ያህል ነው። በአንጻሩ ለከፍተኛ ባለሙያዎች የሚዘጋጁት ካሜራዎች ከነሌንሳቸው ከኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። ከባድና ውስብስብ ካሜራ ለጀማሪ ሲሰጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የመቀመጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀላሉ ካሜራ ግን በየመስክ ጉዞው ስለሚያዝ ብዙ ያገለግላል፤ ባለሙያውንም በተግባር ያስተምራል።

የሴንሰር ስፋትና የሜጋፒክስል ብዛት

ገዥዎች በብዛት የሚጠይቁት “ስንት ሜጋፒክስል ነው?” የሚለውን ነው። ይሁን እንጂ የምስልን ጥራት በይበልጥ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሴንሰሩ ስፋት ነው። ሴንሰር ብርሃን የሚቀበል ገበታ በመሆኑ በሰፋ መጠን ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ በጨለማ ቦታ ምስሉ ላይ የሚታየው ቅንጣታማ ሻካራነትም ይቀንሳል።

ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ የተሰኘው በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በካኖን ጥቂት ያንሳል። ማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነው። የእጅ ስልኮች ሴንሰር ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ለጀማሪ ባለሙያ ዋጋን፣ ክብደትንና ጥራትን በማመጣጠን ረገድ ኤፒኤስ-ሲ መካከለኛው መንገድ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ አነስተኛ ካሜራዎች ማለትም ካኖን አር50፣ ኒኮን ዜድ30 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 በዚሁ የሴንሰር መጠን የተሠሩ ናቸው።

የሜጋፒክስል ጉዳይ በስሌት ሊታይ ይችላል። 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ በወርዱ 6 ሺህ፣ በቁመቱ 4 ሺህ ነጥቦች ያሉት ምስል ይሰጣል። ይህም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚፈልግ ጥራት ያለው ኅትመት 50 በ34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የኤ3 ወረቀት ስፋት 42 በ29.7 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ለመጽሔት፣ ለሪፖርትና ለፖስተር ከበቂ በላይ ነው። ትልቅ ባነር የሚታየው ከሩቅ ስለሆነ ይህን ያህል የነጥብ ጥግግት አያስፈልገውም። ስለዚህ ለተጨማሪ ሜጋፒክስል የሚወጣው ገንዘብ ለጥሩ ሌንስ ቢውል የተሻለ ውጤት ያስገኛል።

ከሴንሰሩ ቀጥሎ የመመልከቻው ጉዳይ ይመጣል። ከሦስቱ ካሜራዎች መካከል በዓይን የሚታይ መመልከቻ ያለው ካኖን አር50 ሲሆን፣ ኒኮን ዜድ30 እና ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ለቪዲዮ ሥራ ይበልጥ የታሰቡ በመሆናቸው ስክሪን ብቻ ነው ያላቸው። በጠራራ ፀሐይ ስክሪን ላይ ምስል መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በአብዛኛው በመስክ የሚሠራ ባለሙያ መመልከቻ ያለውን ቢመርጥ ይጠቀማል። በአንጻሩ ቃለ መጠይቅና ቪዲዮ የሚያዘወትር ባለሙያ የሚዘረጋና የሚዞር ስክሪን ያለውን፣ እንዲሁም የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ያለውን መምረጥ ይገባዋል።

ትልቁ ውሳኔ ሌንስ ነው

የካሜራ አካል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ሞዴል ይተካል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። ሆኖም አንድ ሌንስ የሚሠራው ለተዘጋጀለት የመግጠሚያ ዓይነት ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ካሜራ ሲመረጥ ቀጣዮቹ ሌንሶች ሁሉ አብረው እንደተመረጡ ሊቆጠር ይችላል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ኒኮን 1 የተባለ የካሜራ ቤተሰብ ምርቱ ከተቋረጠ ዓመታት ተቆጥረዋል። ካኖን በ2012 የጀመረው የኤም ቤተሰብ ሌንሶችም አሁን በሚሠራባቸው የአር ካሜራዎች ላይ አይገጠሙም። እንዲህ ያሉ ካሜራዎች በቅናሽ ዋጋ ሲቀርቡ የሚያጓጉ ቢሆኑም፣ ነገ ሌንስና ባትሪ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ቢቸገር አያስገርምም።

በመጋዘን የቆዩ የዲኤስኤልአር ሌንሶች ያሉት መሥሪያ ቤት ከመግዛቱ በፊት እነዚህን መቁጠር ይኖርበታል። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በማገናኛ ቀለበት አማካይነት በአር ካሜራዎች ላይ በሚገባ ይሠራሉ። የኒኮን የቆዩ ሌንሶችም በዜድ ካሜራዎች ላይ በማገናኛ ሊገጠሙ ይችላሉ፤ ነገር ግን በውስጣቸው ሞተር የሌላቸው ኤኤፍ-ዲ የተሰኙት በኩባንያው ማገናኛ ላይ በራሳቸው አያነጣጥሩም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ሳያስፈልግ ከሚወጣ ወጪ ያድናል።

ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 50 ወይም ከ18 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚደርስ አነስተኛ ዙም ነው። ሰፊ መድረክን፣ የቡድን ፎቶንና የግንባታ ቦታን ለማንሳት ይበቃል። ድክመቱ የሚታየው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ኤፍ በሚል ምልክትና በቁጥር የሚገለጽ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ይህ አነስተኛ ዙም ወደ ሩቅ ሲሳብ የቀዳዳው ስፋት ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 6.3 ላይ ይቆማል። ዙም የሌለውና ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ግን ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

ይህ ልዩነት በተግባር ተናጋሪው ያለ ድብዝዝታ በመነሳቱና እጁን ሲያንቀሳቅስ ተንሸዋርሮ በመቅረቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለሆነም ለጀማሪ የሚመከረው ጥምረት ከካሜራው ጋር የሚመጣው ዙምና አንድ ኤፍ 1.8 ሌንስ ናቸው። በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለአጠቃላይ ሥራ፣ 50 ሚሊ ሜትር ደግሞ ለተናጋሪና ለቃለ መጠይቅ ፎቶ ይስማማል። ሰፊ መድረክ ከሩቅ የሚያነሳ መሥሪያ ቤት በቀጣዩ በጀት ዓመት ረጅም ዙም ሊያክል ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መገዛት የለበትም።

ሳይታሰቡ የሚቀሩ ተጓዳኝ ዕቃዎች

በተጓዳኝ ዕቃዎች ዝርዝር ቅድሚያውን የሚይዙት ባትሪዎች ናቸው። አንዱ ካሜራው ውስጥ ሲሠራ አንዱ በቦርሳ፣ አንዱ በቻርጀር ላይ እንዲሆን በድምሩ ሦስት ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ወይም በሌለበት አካባቢ ለሚሠሩ ባለሙያዎች በዩኤስቢ ገመድ ከመኪና ወይም ከተንቀሳቃሽ የኃይል ማጠራቀሚያ ሊሞላ የሚችል ካሜራ ተመራጭ ነው። በአውሮፕላን ሲጓዙ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪዎች ከተሳፋሪው ጋር በካቢን ውስጥ እንጂ በሻንጣ ክፍል እንደማይጫኑም ማስታወስ ይገባል።

ሁለተኛው ሜሞሪ ካርድ ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚነሳ መደበኛ ጄፔግ ፎቶ 10 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ እንኳ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከ5 ሺህ በላይ ፎቶዎችን ይችላል። ቪዲዮ ግን ሌላ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ ፎርኬ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ለዚህ ሥራ በካርዱ ላይ ቪ30 የሚል ምልክት መኖሩን ማየት ይጠቅማል፤ ትርጉሙም ካርዱ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ያለ ማቋረጥ ይጽፋል ማለት ነው። አንድ ግዙፍ ካርድ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ካርዶችን መግዛት ይመረጣል። አንዱ ቢበላሽ የሥራው ሁሉ ማስረጃ አብሮ አይጠፋም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። በካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን የተናጋሪውን ድምፅ ከአዳራሹ ማስተጋባትና ከነፋስ ጋር ቀላቅሎ ይቀዳል። በልብስ ላይ የሚሰካ አነስተኛ ማይክሮፎን ለቃለ መጠይቅ የሚሰጠው ጥቅም በቪዲዮው ጥራት ላይ ከሚጨመረው ማንኛውም ነገር አያንስም። ከዚህ በተጨማሪ ጠንካራ ትራይፖድ፣ ወደ ነጭ ኮርኒስ ዞሮ ብርሃኑን ማስነጠር የሚችል ፍላሽ፣ ዝናብና አቧራ የሚከላከል ቦርሳ፣ በእጅ የሚጫን የአየር መንፊያና የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ በዝርዝሩ ውስጥ ሊካተቱ ይገባል። ፍላሹ ከተመረጠው ካሜራ ጋር የሚስማማ መሆኑ ከግዥ በፊት መረጋገጥ አለበት።

ከአገሪቱ ሁኔታ ጋር ማጣጣም

ካሜራው ከካርቶኑ እንደወጣ ብቻ ሥራ ላይ ቢውል አንዳንድ ችግሮች ያጋጥማሉ። ከእነዚህ አንዱ የመብራት መርገብገብ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት ያለው በመሆኑ፣ በተለይ የሸምበቆ አምፖሎችና አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች በሰከንድ መቶ ጊዜ ይደምቃሉ፤ ይደበዝዛሉ። ዓይን ይህን ባይለይም ካሜራ ግን በፎቶው ላይ ጥቋቁር መስመሮች፣ በቪዲዮው ላይ ደግሞ ብልጭልጭታ አድርጎ ያወጣዋል። መፍትሔው የቪዲዮውን ሥርዓት ፓል በሚለው ላይ አድርጎ በሰከንድ 25 ምስል መቅረጽ፣ ሸተር የሚባለውን የመዝጊያ ፍጥነት ደግሞ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማቆየት ነው። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሸተር ይህን ችግር ስለሚያባብስ እንዲህ ባሉ አዳራሾች ውስጥ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል።

ሌላው ነጭ ልብስን የሚመለከት ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ነጠላና ጋቢ የለበሱ ታዳሚዎች በብዛት በተቀመጡበት ሥነ ሥርዓት ላይ ካሜራው ከልክ በላይ ብርሃን ያለ መስሎት ምስሉን ያጨልማል፤ በዚህም የሰዎቹ ፊት ሳይለይ ይቀራል። በአብዛኛው ካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለውን የብርሃን ማካካሻ ወደ መደመር አንድ ማድረስ ፊቶቹን ይመልሳል። ከመስኮት ፊት ለፊት የተቀመጠን ባለሥልጣን ለማንሳትም ይኸው ይሠራል። በሚረርለስ ካሜራ ለውጡ ወዲያው በስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ጀማሪው በቀላሉ ይማረዋል።

የአየር ጠባይም የራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሌንሱ ሲወጣ በሚረርለስ ካሜራ ላይ ሴንሰሩ በቀጥታ ሊጋለጥ ስለሚችል አቧራማ በሆነ የመስክ ሥራ ላይ ሌንስ መቀየር አይመከርም። ግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፍቶ፣ አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቆ፣ በመኪና ውስጥ መቀየር ይሻላል። በክረምት ወራት እርጥበት የሚመጥጠውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ቦርሳ ውስጥ ማኖር ሌንስን ከሻጋታ ይጠብቃል። ብዙ አምራቾች ካሜራዎቻቸው እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለ ሙቀት እንዲሠሩ ስለሚወስኑ፣ እንደ አፋር ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ካሜራውን ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው አይገባም። ረጅም ስብሰባ በፎርኬ ሲቀረጽም አነስተኛ ካሜራዎች ሊግሉና ሊቆሙ ስለሚችሉ፣ ለመዝገብ ብቻ የሚያስፈልገውን ቀረጻ በመደበኛው ኤችዲ መያዝ ይበቃል።

የግዥ መጠየቂያና ርክክብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የካሜራ ግዥ ሲጠየቅ “ዘመናዊ ካሜራ ከነሙሉ ዕቃው” የሚል አገላለጽ ብዙ ክፍተት ይተዋል። ሻጩ “ሙሉ ዕቃ” የሚለውን በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ማለትም አንድ ባትሪ፣ አንድ ገመድና አንድ ማንገቻ አድርጎ ቢተረጉመው ስህተት ነው ማለት አይቻልም። ክርክር ቢነሣም ተጎጂው ካሜራውን ለሥራ የሚፈልገው ክፍል ነው።

በሌላ በኩል የአንድን ኩባንያ ሞዴል ስም ብቻ መጻፍ ውድድርን ያጠባል፤ በግዥ አሠራርም አይደገፍም። ትክክለኛው መንገድ የሚፈለገውን አገልግሎት በሚለካ ቃል መግለጽ ነው። ለአብነት ያህል የሴንሰሩ መጠን ኤፒኤስ-ሲ ወይም የሚበልጥ፣ ሜጋፒክስሉ ከ20 የማያንስ፣ የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያና የሚዞር ስክሪን ያለው፣ በዩኤስቢ የሚሞላ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የዙም ሌንሱ፣ የኤፍ 1.8 ሌንሱ፣ ሦስት ባትሪዎች፣ ሁለት ካርዶች፣ ቻርጀር፣ ማይክሮፎን፣ ትራይፖድና ቦርሳ እያንዳንዳቸው በተራ ቁጥር፣ በብዛትና በመለኪያ ይዘረዘራሉ። ቀድሞ የተገዙ ሌንሶች ካሉ ከእነሱ ጋር የመሥራት ግዴታም ሊጨመር ይችላል። በጀቱ የማይበቃ ከሆነ ሊቀነስ የሚገባው የካሜራው አካል ደረጃ እንጂ የባትሪውና የሌንሱ ቁጥር ሊሆን አይገባም።

በርክክብ ወቅት የካርቶኑን ብዛት መቁጠር ብቻውን በቂ አይሆንም። ካሜራው ተከፍቶ፣ ሌንሶቹ ተገጥመው፣ ነጭ ግድግዳ በጠባብ ቀዳዳ ተነስቶ በሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩ ሊታይ ይገባል። ከተጻፈባቸው ያነሰ ይዘት ያላቸው አስመስለው የተሠሩ ሜሞሪ ካርዶች በገበያ ላይ ስለሚገኙ፣ ካርዱን እስከ መጨረሻው ሞልቶ ፋይሎቹ ተመልሰው መከፈታቸውን ማረጋገጥ ብልህነት ነው። የካሜራውና የእያንዳንዱ ሌንስ መለያ ቁጥር በንብረት መዝገብ ላይ ለየብቻው ቢሰፍር፣ ባለሙያው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ የሚፈጠረውን የንብረት ጉድለት ጥያቄ ያስቀራል።

ከፎቶው በኋላ

ካሜራው ከተገዛ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ባለቤት አያገኝም። ፎቶዎቹ በአንድ ባለሙያ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከተቀመጡ ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ አብሮ ይጠፋል። በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ እንዲኖር፣ ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ እንዲሆኑ፣ አንዱም ከመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ውጭ እንዲቀመጥ ይመክራል። በመሆኑም ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስኮች በግዥው ዝርዝር ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል። የፋይሎቹ ስም ቀኑን፣ ቦታውንና የሥነ ሥርዓቱን ዓይነት ቢይዝ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚፈልጋቸው ሰው ያለ ችግር ያገኛቸዋል።

ባለሙያውም መሣሪያውን ከትልቅ ሥነ ሥርዓት ዋዜማ ላይ ሊረከብ አይገባም። ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ በስብሰባ አዳራሹና በመስክ እየተለማመደ ከቁልፎቹ ጋር ቢተዋወቅ በዕለቱ ዓይኑ ከካሜራው ይልቅ በሰዎቹ ላይ ይሆናል።

በአፄ ምኒልክ ዘመን በድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም በኋላ በነበሩት ነገሥታት ዘመን ሙያውን ቀጥለዋል። የያኔው መሣሪያ ከዛሬው አነስተኛ ሚረርለስ ካሜራ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ይሁንና በዚያ ዘመን የተነሱት ፎቶግራፎች ዛሬም የአገሪቱን ታሪክ ለማጥናት ያገለግላሉ፤ በጊዜው ተነስተውና ከመጥፋት ተጠብቀው ቆይተዋልና። ዛሬ በየወረዳው የሚመረቀው ጤና ጣቢያና ድልድይም ለመጪው ትውልድ በምስል ሊደርስ የሚችለው፣ በዕለቱ ባትሪው የሞላ፣ ሌንሱ ለአዳራሹ የተስማማ፣ ቅጂውም በደህና የተቀመጠ እንደሆነ ነው። ለዚህም መነሻው ገና ዕቃው ሳይገዛ የግዥ መጠየቂያውን በጥንቃቄ መጻፍ ይሆናል።